የአባቴ ጠይምነት የት ጠፋ? የሚዲየም ፎርማት ፊልምን ቤት ውስጥ በትክክለኛ ቀለሙ ስካን ማድረግ

ዛሬ የማካፍላችሁ ጉዳይ ብዙ ቅዳሜና እሁዴን የበላብኝ ነው። የድሮ የቀለም ኔጋቲቭን ቤት ውስጥ ስካን አድርጎ ትክክለኛውን ቀለም ማውጣት ይቻላል? አዎ፣ ይቻላል። ግን ብዙዎቻችን በምንጀምርበት መንገድ አይደለም።

ነገሩ የጀመረው እናቴ ከጎንደር ወደ ሌዊስቪል ልትጠይቀኝ ስትመጣ ነው። ሻንጣዋ ውስጥ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ነበር። ስከፍተው በቀጭን ወረቀት የተጠቀለሉ ሰፋፊ ኔጋቲቮች አገኘሁ፤ የ1978 ዓ.ም. ሠርጓ ፎቶዎች። ያነሷቸው ፎቶ አንሺ ሱቃቸውን ሲዘጉ «እኔ ጋር ከሚጠፉ እናንተው ያዟቸው» ብለው የሰጧት ናቸው። በወረቀት ታትመው አልበም ውስጥ የነበሩትን ፎቶዎች ከዓመታት በፊት የጣሪያ ፍሳሽ አበላሽቷቸዋል። አባቴ ደግሞ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። ስለዚህ አባቴ በወጣትነቱ በቀለም ያለው እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ብቻ ነው።

ያገለገለ ጠፍጣፋ ስካነር ገዛሁ፤ ፊልሙን አስገባሁ፤ «አውቶማቲክ» የሚለውን ተጫንኩ። በኩራት ላፕቶፑን ወደ እናቴ አዞርኩላት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችና «አባትህ እኮ ጠይም ነበር፤ ይሄ አመድ የነፋበት ሰውዬ ማነው?» አለችኝ። ቀጥላም «ጥለቴም ሰማያዊ አልነበረም፤ ወይን ጠጅ ነው» አለች።

ልክ ነበረች። የተሳሳተው የት ላይ እንደሆነ ለማወቅ ግን ወደ ፊዚክሱ መመለስ ነበረብኝ።

አውቶማቲኩ ምን አሰበ?

ብዙ አውቶማቲክ የቀለም ማስተካከያዎች የሚነሱት ከአንድ ግምት ነው፤ የአንድ ፎቶ ቀለሞች ሁሉ በአማካይ ሲወሰዱ ግራጫ ይሆናሉ የሚል። ለብዙ ፎቶዎች ግምቱ ይሠራል። የእናቴ ሠርግ ፎቶ ግን የተነሳው ቡናማ የድንጋይ ግንብ ሥር ነው። ፊት ለፊት የቆሙት ሰዎች ቆዳም ቡናማ ነው። አማካዩ ወደ ሞቃት ቀለም ያዘነብላል። ሶፍትዌሩ ይህን እንደ ስህተት ቆጥሮ ሰማያዊ ይጨምርበታል። ውጤቱ፦ ጠይም ፊት አመዳም ይሆናል፤ ወይን ጠጅ ጥለት ሰማያዊ ይሆናል።

ችግሩ አዲስም አይደለም። ከ1950ዎቹ (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ጀምሮ ኮዳክ ለፎቶ ማተሚያ ቤቶች የቀለም መለኪያ ካርድ ይልክ ነበር። ካርዱ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ስትሆን ካርዱም «ሸርሊ» እየተባለ ይጠራ ነበር። ማተሚያው የሚስተካከለው የእርሷ ቆዳ ጥሩ ሆኖ እስኪታይ ነው። የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሴቶች አብረው ያሉበት ካርድ የመጣው በ1990ዎቹ ነው። ሶፍትዌር ስንጽፍ የምናስቀምጠው «ዲፎልት» የማን ዓለም እንደሆነ መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው።

መፍትሔው የተሻለ አውቶማቲክ መፈለግ አይደለም። መፍትሔው መለካት ነው።

ኔጋቲቭ ለምን ብርቱካናማ ይሆናል?

የቀለም ኔጋቲቭ ሦስት ዋና ንብርብሮች አሉት። ከታጠበ በኋላ በአንዱ ቢጫ፣ በሌላው ማጀንታ፣ በሦስተኛው ሳያን ቀለም ይፈጠራል። ቢጫው ሰማያዊ ብርሃንን፣ ማጀንታው አረንጓዴን፣ ሳያኑ ቀይን ይመጥጣሉ። ይህ በንድፈ ሐሳብ ነው። በተግባር ግን ማጀንታው የማይመለከተውን ሰማያዊ ብርሃንም በመጠኑ ይመጥጣል፤ ሳያኑም አረንጓዴና ሰማያዊ ይነካል።

የኮዳክ ኬሚስቶች በ1940ዎቹ ያገኙት መላ ብልህ ነው። ማጀንታ የሚሆነው ኬሚካል ራሱ ከመጀመሪያው ቢጫማ እንዲሆን፣ ሳያን የሚሆነውም ቀላ ያለ እንዲሆን አደረጉ። ብርሃን ባረፈበት ቦታ ኬሚካሉ ወደ ማጀንታ ሲቀየር ቢጫነቱ ይጠፋል። ብርሃን ባልነካው ቦታ ቢጫነቱ ይቀራል። ስለዚህ ያልተፈለገው መመጠጥ በፊልሙ ሁሉ ላይ እኩል ይሆናል። እኩል የሆነ ስህተት ደግሞ በአንድ ቁጥር ይቀነሳል። ብርቱካናማው ቀለም እንግዲህ ቆሻሻ ወይም እርጅና ሳይሆን ፊልሙ ውስጥ አብሮ የተሠራ ማስተካከያ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም አስታውሱ። ፊልም ብርሃንን የሚመዘግበው በሎጋሪዝም ነው። ስለዚህ ብዙ ጀማሪ ፕሮግራመር እንደሚያደርገው «255 ሲቀነስ ፒክስል» ብሎ መገልበጥ ኔጋቲቩን ወደ ትክክለኛ ፖዘቲቭ አይቀይረውም። ሒሳቡ መሠራት ያለበት በጥግግት ማለትም በዴንሲቲ ነው።

መጀመሪያ ጥሬውን ያዙ

የሠርጉ ፊልም 120 የሚባለው ዓይነት ነው፤ ኮዳክ በ1901 ያወጣውና እስከ ዛሬ የሚመረተው። የእኔዎቹ ኔጋቲቮች 6×6 ናቸው፤ በአንድ ጥቅል 12 ፎቶ ይወጣል፤ የአንዱ ትክክለኛ ስፋት 56 በ56 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ከተለመደው 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ጋር ሲነጻጸር በቆዳ ስፋት 3.6 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈውን ዲፒአይ ማሳደድ አያስፈልግም። በ2400 ዲፒአይ ብቻ 5,290 በ5,290 ፒክስል፣ ማለትም 28 ሜጋፒክስል ታገኛላችሁ። በ16 ቢት አንዱ ፎቶ 168 ሜጋባይት ይሆናል።

ስካን ስታደርጉ እነዚህን ጠብቁ፦

1. ማንኛውንም የቀለም ማስተካከያ፣ ማሳያና ማለስለሻ አጥፉ። እኔ የምጠቀመው ቪውስካን ላይ ውጤቱን ጥሬ ፋይል አድርጌ ነው፤ 48 ቢት፣ ኢንፍራሬድ ሲጨመር 64 ቢት። ይህ ፋይል ሊኒየር ነው፤ የብርሃኑ መጠን እጥፍ ሲሆን ቁጥሩም እጥፍ ይሆናል።

2. ኤክስፖዠሩን በጥቅሉ መጀመሪያ ላይ ቆልፉ። ኔጋቲቭ ላይ በጣም ብሩህ የሆነው ቦታ በፎቶዎቹ መሀል ያለው ባዶ ፊልም ነው። እርሱ ከጣሪያው ትንሽ ዝቅ እንዲል አድርጋችሁ ለ12ቱም ፎቶ ያንኑ ተጠቀሙ። ኤክስፖዠር በየፎቶው ከተቀያየረ መለካት የሚባል ነገር የለም።

3. ፊልም የሌለበትን ባዶ ብርሃንም አንድ ጊዜ ስካን አድርጉ። የመብራቱ አለመመጣጠን በማካፈል የሚስተካከለው በዚህ ነው።

4. ኢንፍራሬድ የአቧራ ማጥፊያ ለቀለም ኔጋቲቭ ጥሩ ነው። ለተለመደው ጥቁርና ነጭ ፊልም ግን አትጠቀሙበት፤ ምስሉን የሠራው ብር ኢንፍራሬድንም ስለሚከለክል ሶፍትዌሩ ምስሉን እንደ አቧራ ይቆጥረዋል።

በስካነር ፈንታ ዲጂታል ካሜራና ማክሮ ሌንስ ያላችሁም መንገዱ አንድ ነው። ከኋላ የምታደርጉት መብራት የቀለም ጥራት መለኪያው 95 እና ከዚያ በላይ ይሁን፤ ከፊልሙ ውጭ ያለውን የመብራት ክፍል በጥቁር ወረቀት ሸፍኑ፤ በሮው አንሱ። እኔ አፓርታማዬ ውስጥ መስኮት የሌለው ቦታ መታጠቢያ ቤቱ ብቻ ስለሆነ የሞከርኩት እዚያ ነው። ከመስኮት የሚገባው የቴክሳስ ፀሐይ ፊልሙ ላይ ካረፈ ልኬቱ ሁሉ ይበላሻል።

ሒሳቡ

ጥግግት ማለት ፊልሙ የሚያሳልፈው ብርሃን ሎጋሪዝም በአሉታዊ ምልክት ነው። ለምሳሌ ባዶው ፊልም ከቀዩ ብርሃን 0.50፣ ከአረንጓዴው 0.20፣ ከሰማያዊው 0.10 ያሳልፋል እንበል። ጥግግቱ 0.30፣ 0.70፣ 1.00 ይሆናል። ብርቱካናማውን ከእያንዳንዱ ፒክስል የምናነሳው እነዚህን ሦስት ቁጥሮች በመቀነስ ነው።

ቀጥሎ ሁለት ነገሮች ይቀራሉ። ሦስቱ ንብርብሮች ለብርሃን የሚሰጡት ምላሽ እኩል አይደለም፤ አንዱ ቁልቁለቱ ሰፋ፣ ሌላው ጠበብ ይላል። መነሻቸውም ይለያያል። ለእያንዳንዱ ቀለም ሁለት ያልታወቁ ስላሉ ሁለት የታወቁ ነጥቦች ያስፈልጋሉ፤ አንድ ብሩህ፣ አንድ ጠቆር ያለ፣ ሁለቱም ቀለም አልባ የሆኑ።

እንበልና ብሩሁ ነጥብ ነጠላ ነው፤ መሠረቱ ከተቀነሰ በኋላ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ 1.00፣ 1.15፣ 1.30 ሰጠ። ጠቆር ያለው አስፋልት ነው፤ 0.50፣ 0.60፣ 0.70 ሰጠ። ልዩነታቸው 0.50፣ 0.55፣ 0.60 ነው። ስለዚህ የቁልቁለቱ ጥምርታ 1፣ 1.1፣ 1.2 ይሆናል። በዚህ ስናካፍል ነጠላው 1.000፣ 1.045፣ 1.083፣ አስፋልቱ 0.500፣ 0.545፣ 0.583 ይሆናሉ። አሁን ከአረንጓዴው 0.045፣ ከሰማያዊው 0.083 መቀነስ ብቻ ነው። ነጠላውም አስፋልቱም በሦስቱ ቀለማት እኩል ይሆናሉ። በአንድ ነጥብ ብቻ ብንሠራ ኖሮ ነጠላው ነጭ ሆኖ ጥላው አረንጓዴ ወይም ሮዝ ይሆን ነበር።

በኮድ ስናየው አራት መስመር ነው፤ በፓይተን ነምፓይ ቀላል ይሆናል፦

ጥግግት = −ሎግ10(ፒክስል ÷ ባዶ ብርሃን)
ንጹሕ = ጥግግት − የፊልም መሠረት
እኩል = ንጹሕ ÷ ቁልቁለት − መነሻ
ብርሃን = 10 ^ (እኩል ÷ 0.6)

0.6 ለቀለም ኔጋቲቭ የተለመደ ቁልቁለት ነው፤ ፊልሙ የዓለምን ንጽጽር ጨምቆ ስለሚይዝ መልሶ ለመዘርጋት እናካፍልበታለን። በምሳሌያችን የ0.50 ልዩነት ሲዘረጋ ነጠላው ከአስፋልቱ 6.8 እጥፍ ይደምቃል። የዓይናችንም ግምት ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ይህ ዘዴ ለድሮ ፊልም ሌላ ጥቅም አለው። በጊዜ ብዛት ሦስቱ ቀለሞች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ፍጥነት ይደበዝዛሉ። አንዱ ቀለም አሥረኛውን ካጣ ጥግግቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ማለትም ቁልቁለቱ ይለወጣል። ቁልቁለቱን ከራሱ ከፊልሙ ስለምንለካ መደብዘዙም አብሮ በአብዛኛው ይስተካከላል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነጥቦቹን ስንመርጥ ነው። ጥቁር የሚመስል ሙሉ ልብስ ብዙ ጊዜ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ይገኛል። በእጅ የተፈተለ ጥጥም ፍጹም ነጭ አይደለም፤ ወደ ክሬም ያደላል። በተቃራኒው በዘመናዊ ሳሙና የታጠበ ነጭ ሸሚዝ ማንጫ ስላለበት ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል። እኔ ብሩሁን ከመኪናው ነጭ ቀለም፣ ጠቆር ያለውን ከመኪናው ጎማ ጎን ወሰድኩ። ሁለቱንም በአራት ፎቶዎች ላይ ለክቼ መካከለኛውን ያዝኩ። ቁልቁለቱ ለሙሉው ጥቅል አንድ ነው። መነሻው ግን ብርሃኑ ከፀሐይ ወደ ጥላ ሲቀየር ይለያያል፤ ስለዚህ በጥላ ለተነሱት ለብቻው ለክቻለሁ።

ኮድ መጻፍ ለማትፈልጉ፣ ነጻው ዳርክቴብል «ኔጋዶክተር» የሚባል ሞጁል አለው፤ በተመሳሳይ የጥግግት አስተሳሰብ የሚሠራ ነው።

ግራጫው ተስተካከለ፤ ቀለሙስ?

ግራጫ ትክክል መሆኑ ወይን ጠጁ ትክክል ነው ማለት አይደለም። የስካነሩ ሦስት ዳሳሾችና የፊልሙ ሦስት ቀለሞች ፍጹም አይገጥሙም፤ አንዱ የሌላውን ድርሻ ይነካካል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። አይቲ8 የሚባለው ግልጽ የቀለም ሰሌዳ ለስላይድ ፊልም ፕሮፋይል መሥሪያ ነው። በእርሱ የተሠራ ፕሮፋይል የኔጋቲቭን ቀለም አያስተካክልም፤ የኔጋቲቭ ቀለሞች ሌላ ናቸውና።

ለኔጋቲቭ የሚሻለው ሰሌዳውን ራሱን በፊልም ማንሳት ነው። አንድ ጥቅል ፖርትራ 400 ገዝቼ እኩለ ቀን ላይ ወደ ሌዊስቪል ሐይቅ ወጣሁና ባለ 24 ቀለሙን ከለርቼከር ፀሐይ ላይ አነሳሁት። ይህ ሰሌዳ ከ1976 ጀምሮ ያለ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳጥኖች የጠቆረና የነጣ የሰው ቆዳን እንዲወክሉ የተሠሩ ናቸው። ፊልሙን አሳጥቤ ከላይ ባለው መንገድ ገለበጥኩት። ከዚያ የ24ቱን ቀለሞች ውጤት ከታወቀው ዋጋቸው ጋር የሚያቀራርብ 3×3 ማትሪክስ በትንሹ ስኩዌር ዘዴ ፈለግኩ። ዘጠኝ ቁጥር ለማግኘት 72 ልኬት አለን፤ በቂ ነው። እያንዳንዱ ረድፍ ሲደመር 1 እንዲሆን አስገድዱት፤ አለዚያ የተስተካከለው ግራጫ ተመልሶ ይበላሻል።

ስህተቱ የሚለካው ዴልታ ኢ በሚባል ቁጥር ነው። ወደ 1 የሚጠጋ ልዩነትን ዓይን በጭንቅ ይለያል። ከአማካዩ ይልቅ የቆዳውን ሳጥኖች ለብቻ ተመልከቱ፤ አማካይ ጥሩ ሆኖ ቆዳው ሊበላሽ ይችላል።

የዛሬው ፖርትራ የ1978ቱ ፊልም አይደለም፤ ቀለሞቻቸው ይለያያሉ። ስለዚህ ማትሪክሱን ለሠርጉ ፎቶ መነሻ አድርጌ ወሰድኩት እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አላደረግሁትም።

ስክሪኑም ይዋሻል

የተስተካከለውን ፎቶ በቴሌግራም ለእናቴ ላክሁላት። «አሁን ደግሞ ቢጫ ሆነ» አለችኝ። ግማሽ ሰዓት ኮዴን ስመረምር ቆየሁ። ስልኳን ሳየው የማታ ብርሃን ማስተካከያው በርቷል!

ስለዚህ፦ ሞኒተራችሁን በመለኪያ መሣሪያ አስተካክሉ፤ ስልክ ላይ «ደማቅ» የሚለውን የስክሪን ምርጫና የማታ ብርሃኑን አጥፉ፤ ለሰው የምትልኩትን ፎቶ ወደ ኤስአርጂቢ ቀይራችሁ ፕሮፋይሉን አብራችሁ አስቀምጡ። ጥሬውን 16 ቢት ፋይል ግን አትሰርዙት። ነገ የተሻለ ዘዴ ቢመጣ ፊልሙ ደግሞ ይበልጥ ደብዝዞ ይሆናል።

ስምና ቀንም የፎቶው አካል ናቸው። የኤግዚፍ የመግለጫ ቦታ የተሠራው ለላቲን ፊደል ነው፤ ግዕዝ ፊደል ሲገባበት ብዙ ፕሮግራም ያበላሸዋል። ኤክስኤምፒ ግን ዩኒኮድ ስለሆነ አማርኛ በደንብ ይይዛል። እኔ የቀኑን ሳጥን በፈረንጆቹ ሞልቼ፣ መግለጫው ላይ በአማርኛ «ጥር 1978 ዓ.ም.፣ ጎንደር» ብዬ ጻፍኩ። ካልጻፋችሁት ከሃያ ዓመት በኋላ አንድ ሰው 1978ን እንደ ፈረንጅ አንብቦ ሠርጉን በስምንት ዓመት ወደኋላ ይወስደዋል።

የመጨረሻው መለኪያ

ለካ እናቴ የሠርጓን ነጠላ ይዛው መጥታለች። አውጥታ መስኮቱ አጠገብ፣ ከሞኒተሩ ጎን ዘረጋችው። ጥለቱ ሲታጠፍ ብርሃን ያላገኘው የውስጡ ክፍል ከውጪው ይደምቃል፤ ያነጻጸርነው ከእርሱ ጋር ነው።

አባቴ ጠይም ሆኖ ወጣ። እናቴ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ «አዎ፣ እሱ ነው» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ጥለቱ ግን አሁንም ከጨርቁ ትንሽ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ይህ የሒሳብ ስህተት ላይሆን ይችላል። ፊልም ቀለምን እንደ ዓይናችን አያይም፤ አንዳንድ ወይን ጠጅና ሰማያዊ ማቅለሚያዎች ዓይናችን የማያየውን ጥልቅ ቀይ ስለሚያንጸባርቁ ወይም ስለሚመጥጡ ፊልም ላይ ሌላ ሆነው ይወጣሉ። በብሩሽ ጥለቱን ብቻ መርጬ ላስተካክለው እችል ነበር። ለእናቴ ነገርኳትና ምን ላድርግ አልኳት።

«ተወው፤ ጥለቱ እዚህ አለ» አለች ነጠላውን እያጠፈች። «እሱን ነው ያጣነው።»

የዚያን ጥቅል መሠረት፣ ቁልቁለትና መነሻ በአንድ የጽሑፍ ፋይል ከጥሬዎቹ ፎቶዎች ጋር አስቀምጫለሁ። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ቆርቆሮ ካለ፣ ቀለሙን የሚያስታውስ ሰው ሳለ ክፈቱት።